የጊታር ዘር ቆጣሪው

ፈጣሪ ጊታር ተጫዋችን በፈጠረ ማግስት «ይኼ ሰውዬ ሊኮራብኝ ነው» ብሎ ሌላ ሰው ፈጠረ። ሁለተኛው ሰው ጊታር አይነካም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመተላለፊያው ዳር፣ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል፤ ከዚያ ጎኑ ላለው ሰው፣ ጠየቀውም አልጠየቀውም፣ መድረክ ላይ ያለው ልጅ የሚጫወተውን ከማን እንዳመጣው ይነግረዋል። ጊታር ባለበት ከተማ ሁሉ ይኼ ሰው አለ። እኛ ጋ የለም የሚለኝ አንባቢ ካለ ምናልባት ሰውዬው ራሱ እሱ ስለሆነ ነው።

የእኛው ጋሽ ሰባት ቤት ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ አዳራሹ ነው ያወጣለት። አንዲት የጊታር ዜማ ጆሮው ከገባች አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያለ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይለቃትም። እኔ ግን ጽሑፍ ላይ ስለሆንኩ ሙሉ ማዕረጉን ልስጠው፦ ክቡር የብሉዝ ዘር ቆጣሪ፣ የሦስተኛው ረድፍ ሊቀመንበር፣ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች አለቃ። የመጨረሻው ማዕረግ እንኳ እውነትነት አለው። ከገበያው ጀርባ ያለችው ሱቁ ሁለተኛ ሰው ስለማታስገባ አለቃም ምንዝርም እሱው ነው።

ብሉዝን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ችግሩን ይናገራል፤ ያልሰማ ይኖራል ብሎ ያንኑ ይደግመዋል፤ ከዚያ አፉ ሲደክም የቀረውን ጊታሩ ይጨርስለታል። በቃ፣ ይኼው ነው። እኛ ከተማ ይኼን የሚጫወቱት እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሮ የቀለም መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሙቀት ሲሆን ግድግዳው እስካሁን የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። ወንበሮቹ ከተዘጋ የሕፃናት ትምህርት ቤት የተገዙ ስለሆኑ ታዳሚው የሚያዝነው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ነው። ተጫዋቾቹም ቀን ቀን ሌላ እንጀራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዱ የሒሳብ መምህር።

የጋሽ ሰባት ቤት ፍርድ ስድስት ቃል ብቻ ናት፦ «ልጁ ጎበዝ ነው። ግን የሱ አይደለም።» ልጁ የስልሳ ዓመት ሰው ቢሆንም ያው ልጁ ነው። ጎበዝ መባሉ ደግሞ አያጽናናም፤ ዳኛም ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የተከሳሹን መልካም ጠባይ ያነሳል። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ይቆጥራል።

የሚቆጥራቸው አያቶች ስማቸው የትም መጽሐፍ ላይ አይገኝም። የሰማባቸው ካሴቶች እጁ ሲገቡ ሽፋናቸው የተቀደደ፣ ጽሑፋቸው የጠፋ ስለነበር ስም ያወጣላቸው ራሱ ነው። የተሰበረ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩን የሚያንሸራትተው «ባለ ጠርሙሱ» ነው። አውራ ጣቱ ሳያርፍ ዱግ ዱግ የሚለው «የባቡሩ ሰውዬ» ነው። አንዲት ድምፀ ጎርናና ሴት ደግሞ አለች፣ «እትዬ ግራኝ» ይላታል። ፎቶዋን ሳያይ ግራኝ መሆኗን እንዴት እንዳወቀ አንዴ ብጠይቀው አዘነልኝ። «ይሰማል» አለኝ።

አንድ እሁድ የአውቶቡስ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ነፍሱ ሊወጣ እስኪደርስ ይጫወታል። እኔም ልቤ ተነክቶ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ውስጥ ስገባ፣ ጆሮዬ ሥር «ዓይን መጨፈኑም የሱ አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ። መሐረቡን መልሼ ከተትኩት። እንዲህ ካለ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማልቀስ አይቻልም።

ቤቱም ውስጥ ሰላም የለም። ባለቤቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ስታንጎራጉር «ይቺን ከላይኛው ቤት ሴትዮ ነው የወሰድሻት፤ እሷ ደግሞ ከሬዲዮ ነው ያገኘቻት» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል «አንተን ከማን እንደወሰድኩህ ነው የጠፋኝ፤ ባውቅማ እመልስህ ነበር» ትለዋለች።

ከባሕር ማዶ አንድ ዝነኛ ተጫዋች የመጣ ጊዜ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። በእረፍቱ ሰዓት ጋሽ ሰባት ቤት የሒሳብ መምህሩን አስተርጓሚ አድርጎ ቀረበውና ጣቱን መዘርጋት ጀመረ። ስም ስለማያውቅ እያንዳንዱን አያት በአፉ እያንጎራጎረ ነበር የሚያስረዳው። አራተኛው ላይ እንግዳው ወንበር ፈለገ። ስድስተኛው ላይ ጭንቅላቱን ያዘ። ሰባተኛው ላይ ተነስቶ አቀፈው፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። ሁላችንም በሰውያችን ኮራን። ከእረፍት በኋላ ግን እንግዳው መጫወት አቃተው፤ አንዲት ነገር በተጫወተ ቁጥር፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ሰረቅ አድርጎ ያያል። «እረፍቱ ረዘመበት» አለኝ ጋሽ ሰባት ቤት፤ ምንም አልገባውም።

እስካሁን ያልኩት ያስቃል። የፋርማሲስቱ ግን አያስቅም። ፋርማሲስቱ እናቱ በሞተች በዓመቱ ራሱ የሠራትን ዜማ ይዞ ወጣ። ተጫውቶ ሲጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጋሽ ሰባት ቤት በራሱ ቤት አንሾካሾከ። ነገር ግን አርባ ዓመት ከድምፅ ማጉያ ጋር የኖረ ጆሮ የራሱን ሹክሹክታ አይለካም፤ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን የሱ አይደለም» የምትለው ፍርድ እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማች። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ፋርማሲስቱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ጊታሩን ለእህቱ ባል ሰጥቶት ሰውዬው ሳሎን ውስጥ ለጌጥ ሰቀለው አሉ።

«ጋሼ፣ ሰውዬውን እኮ ገደልከው» አልኩት በማግስቱ።

«ምን አልኩት? አባቱን ነው የነገርኩት! ዲቃላ ነህ አላልኩትም!»

እውነቱን ነው፤ ክፋት የለበትም። ሰው ዘሩን ሲነግሩት ደስ የሚለው ይመስለዋል። እሱ ጣቱን ለመቁጠር ሲዘረጋ ሌላው ሰው የተቀሰረበት የሚመስለው ለምን እንደሆነ ፈጽሞ አይገባውም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የመጨረሻዋ እህቴ ቁልፍ ቀራጭ ናት። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቁም ሣጥን የምታክል ኪዮስክ አለቻት፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያልተቀረጹ ቁልፎች ተሰቅለውበታል። ቀኑን ሙሉ ብረት ስታስጮህ ትውልና ቤቷ ስትገባ ጊታር ታነሳለች። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው። አስተማሪ አልነበራትም። የነበሯት ጋሽ ሰባት ቤት የገለበጣቸው ካሴቶች ናቸው፤ ያኔ ብሉዝ የፈለገ ሰው ሁሉ ባዶ ካሴት ይዞ ወደ እሱ ሱቅ ነበር የሚሄደው። የእሷን አመላላሹ እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት ተጫውታ ግን አታውቅም።

የአዳራሹ ባለቤት ቁልፍ ልታስቀርጽ ሄዳ፣ ኪዮስኩ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እህቴ ገበያ በጠፋበት ሰዓት የምትነካካውን ሰማች። ወዲያው አንድ እሁድ ሰጠቻት። ካማረላት ከዚያ በኋላ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሁሉ የእሷ ሊሆን ነው። እህቴ ሦስት ቀን ተደሰተች። በአራተኛው ቀን ቤቴ መጣች።

«ያ ሰውዬ ይመጣል?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ኧረ ወንድሜ፣ አታድርቀኝ።»

«ይመጣል። እሱ ሳይመጣ በሩም አይከፈትም» አልኳት።

«እንግዲያውስ ስማኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስጫወት ‹ይቺ የማን ናት?› እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰውዬው በሌለበት እሰማዋለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ‹የሷ አይደለም› ካለኝ አምነዋለሁ። ጊታሩን አስቀምጠዋለሁ፣ አልመለስበትም። ቁልፍ ስቀርጽ እኖራለሁ። እሱም የሰው መገልበጥ ነው፤ ቢያንስ ግን በር ይከፍታል።»

እህቴ ስታስፈራራ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ያን ቀን ከፍ አላደረገችም፤ ስለዚህ ፈራሁ።

ሰውዬውን ለማስቀረት ያላደረግኩት የለም። መጀመሪያ «አዳራሹ እሁድ ዝግ ነው፣ ቀለም እየተቀባ ነው» አልኩት። «የቀለም መጋዘን ምን ቀለም ያስፈልገዋል?» አለኝ። ቀጥሎ ደህናውን ሬዲዮዬን ከፍቼ አንድ ሽቦ ነቀልኩና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወሰድኩለት፤ ጋሼ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ቢወስድብህም ግድ የለም፣ ብዬ። ቆሞ በአራት ደቂቃ ሠራው። «ሰው ነው የነቀለው» አለና ካቻቢቴውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ «ነገ እህትህ ናት አይደል? ሸሚዝ አስተኩሻለሁ» አለኝ።

እሁድ ደረሰ። እህቴ መድረኩ ላይ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እኔ የጦር ዕቅዴን ይዤ ከጋሽ ሰባት ቤት ጎን ተሰይሜያለሁ፤ እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ልስል።

የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመረች። «ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለ። ሳልኩ። «አውራ ጣቷ የባቡሩ ሰውዬ ነው።» ሳልኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሦስት አያት ቆጠረ፤ ሦስቱንም በሳል ቀበርኳቸው። ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ዘወር ብላ ከረሜላ ሰጠችኝ።

ሦስተኛው ዘፈን ዝግ ያለ ነበር። «ዜማው የእትዬ ግራኝ ነው» አለኝ ጋሽ ሰባት ቤት ዘንበል ብሎ፣ «ቃሉን ግን ራሷ ሳትጽፈው አትቀርም። እትዬ ግራኝ ደግሞ ያመጣችው ከ...»

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

እህቴ የስንኙ መጨረሻ ላይ ደርሳ ነበር። የጊታሩ ድምፅ እዚያ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ቆሞ የዋለ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንደሚለው ወረደ። ከዚያ ድንገት፣ ስሙ የተጠራ ይመስል፣ ብድግ አለ። በሁለተኛውም ስንኝ እንዲሁ። ከኋላችን አንዲት ሴት «ውይ!» አለች።

ጋሽ ሰባት ቤት ያጣመረውን እጁን ፈታ። ሰዎች እንደ ልማዳቸው ወደ እሱ ዞረዋል። አንዱ «ጋሼ፣ ይቺስ የማን ናት?» አለው። አንድ ጣት ዘረጋ፤ አጠፈው። ደግሞ ዘረጋ፤ አጠፈው። ከዚያ ዘፈኑ ሳያልቅ ብድግ ብሎ፣ መተላለፊያው ላይ የወጣ የሰው ጉልበት እየገፋ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

እህቴ ከመድረኩ ላይ አየችው።

ጭብጨባው ትልቅ ነበር። እሷ ግን አልሰማችውም። ጊታሩን ማኅደሩ ውስጥ ስትከት ፊቷ ሰው የሚደፍረው አልነበረም። «‹የሷ አይደለም› ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ለስድብ እንኳ አልበቃሁትም። እስክጨርስ አልጠበቀኝም።» ለአዳራሹ ባለቤት እዚያው እንደማትቀጥል ነገረቻት። ማክሰኞ በኪዮስኩ ሳልፍ ጊታሩ ቁልፎቹ መሐል ተሰቅሏል፤ ከክሩ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበታል።

በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ሰው ጠልቼ አላውቅም። የምናገረውን እስከ አርብ ሳሰናዳ ቆየሁና ሱቁ ሄድኩ። ዝግ ነው። ጎረቤቶቹ ከሰኞ ጀምሮ አልተከፈተም አሉኝ። ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ በአገጯ ወደ ጓዳ አመለከተችኝ። «ግባና አውጣልኝ እስቲ። ከእሁድ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም» አለችኝ።

ካሴት ወለሉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሳይቀር ተከምሯል። እሱ መሐሉ ቁጭ ብሏል፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«የለችም» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«ማን?»

«የእህትህ ድምፅ! ያቺ የምትወርደው። ባለ ጠርሙሱ ጋ የለችም። የባቡሩ ሰውዬ ጋ የለችም። ሰባት ቤት ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ቤት ቆጠርኩ። አባት የላትም፣ የኔ ልጅ!»

ያሰናዳሁት ቁጣ እዚያው ቀዘቀዘ። ሰውዬው ደስ ብሎት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እንዲያ ተደስቶ አይቼው ስለማላውቅ።

«ታዲያ ለምን ጥለሃት ወጣህ?»

«እንዳትጠፋብኝ ነዋ! ሌላ ዘፈን ሳይደርብባት ቤት ላደርሳት ብዬ፣ እያንጎራጎርኩ እኮ ነው የሮጥኩት!»

«እሷ የናቅሃት መስሏት ጊታሩን ለሽያጭ ሰቅላዋለች።»

ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ አደረገና ቀድሞኝ ወጣ።

መንገድ ላይ ምን እንደሚላት ልመክረው ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ይቅርታ በላት፣ ከዚያ አድንቃት፣ አልኩት። እሺ እሺ አለኝ። ኪዮስኩ ደጃፍ ደርሶ፣ ካርቶኑን አይቶ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ያላት ግን በዓለም ላይ ልትባለው የማይገባት አንዲት ነገር ነበረች፦ «ከየት አመጣሻት?»

እህቴ የያዘችውን ሞረድ አስቀመጠች።

«ከእርስዎ!» አለችው። መሳቢያዋን ስባ አንድ ካሴት ወረወረችለት፤ ላዩ ላይ የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለ። «ሁለተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው ዘፈን። በሉ ደስ ይበልዎ፣ እሷም የኔ አይደለችም!»

«እዚህ ውስጥ የለችም።»

«አለች።»

«እኔ የገለበጥኩትን እኔ አላውቀውም?»

«አሥራ ሁለት ዓመት የሰማሁትን እኔስ አላውቀውም?»

የተሰበረ ቁልፍ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ዓይኑ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እሱ ሲመላለስ ቆየና ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በመጨረሻ እህቴ ኪዮስኳን ዘጋች፣ ሦስታችንም ወደ ቴፕ ሱቁ ሄድን። እሱ ገባ፤ እኛ ደጃፉ ላይ ቆምን።

መጀመሪያ ዋናውን ካሴት አጫወተ። እትዬ ግራኝ የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጊታሯ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይኸው» አለ። ቀጥሎ የእህቴን ካሴት አስገባ። እዚያው ቦታ ላይ ድምፁ ቀስ ብሎ ወረደና ብድግ አለ። መልሶ አጫወተው። ደግሞ መልሶ አጫወተው። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ስቦ፣ ሲጎረጉር ቆይቶ፣ የተሰነጣጠቀ የላስቲክ ቀለበት አወጣ።

«ቺንጊያው ነው» አለ።

ቺንጊያ ማለት ሞተሩን ከካሴቱ ማዞሪያ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ላስቲክ ነው። ያኔ ትክክለኛው ከገበያ ጠፍቶ፣ እሱ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ፣ ለመገልበጫ በሚያጫውትበት ቴፕ ላይ ገጥሞት ነበር። ቴፑ ብዙ ሠርቶ ሲሞቅ ላስቲኩ ይለጠጣል፤ ካሴቱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይዘገያል፤ ድምፁ ይወርዳል፤ ከዚያ ላስቲኩ ሲይዝ ይነሳል። የእህቴ ዘፈን የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ስለነበር ቴፑ በጣም በሞቀበት ሰዓት ደርሷል።

እህቴ የበሩን መቃን ያዘች። «ስለዚህ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጠና የኖርኩት የብስክሌት ላስቲክ ነው።»

የሰው ነው ከመባል የባሰ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለካ ብልሽት ነው መባል አለ። ጊታሩ ከዚያ ግድግዳ ላይ ዳግም የማይወርድ መሆኑን ፊቷ ላይ አነበብኩ።

ጋሽ ሰባት ቤት ግን አልሰማትም። ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስነስቶ፣ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ደቅኖ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሁለት ጣት ዘረጋ።

«ካሴቱ ላይ ሁለቴ ነው የወረደው» አላት። «እሁድ ዕለት አንቺ ስንት ጊዜ አወረድሽው?»

«አልቆጠርኩም።»

«እስክወጣ ስድስቴ። ሁለቱን ቺንጊያዬ ነው ያበላሸው። የቀሩትን አራቱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። እዚያም እዚያም መውረድ ያለበት መሰለኝ።»

«መሰላት!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «መሰላት እኮ!»

በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ላስቲኩን በጣቱ መሐል ማሸት ጀመረ። ከዚያ ሃያ ዓመት ጎኑ ስቀመጥ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ተናገረ።

«እኔም እኮ እጫወት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የማውቀውን ሁሉ ቆጠርኩት፤ ይቺ የእገሌ ናት፣ ይቺ የእገሊት ናት እያልኩ። ቆጥሬ ስጨርስ ለኔ የተረፈ አንድም አልነበረም። አስቀመጥኩት።» ቀና ብሎ እህቴን አያት። «ስንት ነገር ተሳስቼ ነበር መሰለሽ። ሁሉንም እያረምኩ ጣልኩት። የኔ የሚባሉት እነዚያ ስሕተቶች ብቻ እንደነበሩ የነገረኝ ሰው የለም።»

እህቴ ሱቁ ውስጥ ገባች። ሱቁ ሁለት ሰው የሚይዘው አንዱ ሌላውን ካልተቀየመ ብቻ ነው። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ጠበቅኳቸው፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። ስትመለስ ዓይኗ ረጥቦ ነበር። ኪዮስኳን ከፍታ ካርቶኑን አወረደችና፣ ጊዜም ሳታባክን፣ ያንን የተሰበረ ቁልፍ ይዞ የነበረውን ሰውዬ ቁልፉን አምጣ ብዬ ፈልጌ እንድጠራላት ላከችኝ።

የወሩ የመጀመሪያ እሁድ አሁን የእህቴ ነው። ጋሽ ሰባት ቤት አልቀረም፤ ጠባዩም አልተለወጠም፤ ያለፈው እሁድ እንኳ የሒሳብ መምህሩን እስከ ቅድመ አያቱ ቆጥሮታል። ያ ዝግ ያለው ዘፈን ሲጀመር ግን ይነሳና ኮሪደር ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ ልጁ ሲመረቅ ከፎቶ እንደሚሸሽ አባት ያደርገዋል። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ወጣት ተከትሎት ወጥቶ ያቺ ነገር የማን እንደሆነች ጠየቀው። «አላውቅም» አለው። ያንን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፋርማሲስቱ ጋም እየሄደ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ገዝቶ ተመልሷል። ሊለው የሄደውን ነገር አፉ ላይ ደርሶ ይመልሰዋል። ፋርማሲስቱ ሽማግሌው ደረቱን የታመመ መስሎት በጥንቃቄ ይጠይቀዋል፤ ያ ደግሞ ጋሽ ሰባት ቤትን የባሰ አፍ ያስይዘዋል። አራተኛው ላይ እኔ አብሬው ልሄድ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ኪዮስኩ ውስጥ ትምህርት አለ። አስተማሪዋ እህቴ ናት፤ ተማሪው ክቡርነቱ ነው። የሚማረው ያንን መውረድ ነው፤ ቺንጊያው ያለ ምንም ጥናት የሚችለውን። ክሩን ይዞ ሲጎትት ጣቱ ይሸሸዋል፤ ይቆጣል፤ በእሷ ላይ፣ በክሩ ላይ፣ በእትዬ ግራኝም ላይ ይቆጣል። ቁልፍ ሊያስቀርጹ የመጡ ሰዎች በትዕግሥት ቆመው ይጠብቃሉ። እህቴ «እንደ ገና» ትለዋለች፣ ሌላ ነገር አትለውም።

ባለፈው ረቡዕ አብረን በአውቶቡስ ተመለስን። ሳንቀመጥ ግራ እጁን ዘርግቶ ፊቴ ላይ ደቀነው። አራቱ የጣቶቹ ጫፍ ቀልተዋል። ጊታር የሚነካ ሰው ጣቱ ጫፍ ውሎ አድሮ ይደነድናል፤ ተጫዋች ከአድማጭ የሚለየው በእሱ ነው። ሰውዬው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

«እየደነደነ ነው» አለኝ። ድምፁ እንደ ልማዱ ሹክሹክታ መስሎት አውቶቡሱ ሁሉ ዞረ። «ንካው። በናትህ ንካውና ንገረኝ።»

ሰው ሁሉ ከጎኑ የሚሸሸውን ይኼን ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ጎኑ የተቀመጥኩት ቦታ አጥቼ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። እወደዋለሁ። ጣቱን ይዤ ጫፉን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ገና እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።

«እውነትም ደንድኗል» አልኩት።